«አብሽር፣ ጠፍቷል!» በፋብሪካ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ጋር ስንሠራ የምንፈጽማቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የብረታ ብረትና የቆዳ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ማሽኑም ሠራተኛውም በዛ። በጥገና ክፍል ውስጥ የምፈራው ኤሌክትሪክ የማያውቀውን ጀማሪ አይደለም፤ እርሱ ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። የምፈራው «አብሽር፣ ጠፍቷል!» ብሎ እጁን የሚሰደውን ነባር ባለሙያ ነው።

ማሽኑ ስለቆመ ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል ብሎ ማሰብ

ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑት ሞተሩ ይቆማል። ቁልፉ የሚያቋርጠው ግን ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋውን የኮንታክተሩን ኮይል (መሳቢያ ጥቅል ሽቦ) ብቻ ነው። ከላይ የገቡት ሦስቱ ፌዞች (ኃይል ተሸካሚ ሽቦዎች) እንደነበሩ አሉ፤ በማናቸውም ሁለቱ መካከል 380 ቮልት፣ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ደግሞ 220 ቮልት ይገኛል። የሳጥኑን ክዳን ከፍቶ ብሎን ማላላት የጀመረ ሰው ካቻቢቴው የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው።

ስለዚህ መጥፋት ያለበት ዋናው ማቋረጫ ነው፤ ከጠፋም በኋላ በጓጉንቸር ይቆለፋል። የጓጉንቸሩ መክፈቻ በሠራተኛው ኪስ ይቀመጣል፤ ለፈረቃ ኃላፊም ሆነ ለጓደኛ አይሰጥም። ሦስት ሰው የሚሠራ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፣ ስምና «ሰው እየሠራበት ነው» የሚል ጽሑፍም ይታሰራል። በተለይ ፈረቃ ሲቀያየር ይህ ነፍስ ያድናል፤ አዲስ የገባው ሠራተኛ ማሽኑ ውስጥ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየት የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ ጓጉንቸር መጠየቅ ልመና አይደለም።

በአንድ ጊዜ ፍተሻ መተማመን

አምፖል ያላት የኪስ ቴስተር አልበራችም ማለት መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። አምፖሏ ተቃጥላ ይሆናል፤ ወይም የፀሐይ ብርሃን ጋርዷታል። መለኪያውን አስቀድሞ ኤሌክትሪክ እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ መሞከር፣ ከዚያ የሚሠራበትን ቦታ መለካት፣ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ሶኬት ተመልሶ መለኪያው አሁንም መሥራቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ዕቃዎች) ባሉበት ቦታ ደግሞ ዋናው ማቋረጫ ከጠፋም በኋላ ክምችቱ ስለሚቆይ በአምራቹ መመሪያ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቆ እንደገና መለካት ግድ ነው።

ብሬከር ሰውን ያድናል ብሎ ማሰብ

ባለ 16 አምፔር ብሬከር፣ ማለትም ኮረንቲ ሲበዛ በራሱ የሚወርደው ማቋረጫ፣ የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን ነው። ልብን ለማወክ ከ0.1 አምፔር በታች ሊበቃ ይችላል። ላብ ወይም ውኃ የነካው ሰውነት ተቃውሞው ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ስለሚችል በ220 ቮልት 0.22 አምፔር ያልፍበታል፤ ብሬከሩ ይህን ከቁም ነገርም አይቆጥረው። የቆዳ ፋብሪካና የጠርሙስ ማጠቢያ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ ስለሚቆሙ ጉዳዩ ከሁሉም በላይ እነርሱን ይመለከታል። ለሰው የሚሆነው ኮረንቲ ከመስመሩ ወጥቶ በሰው ወይም በመሬት ሲፈስ በ30 ሚሊ አምፔር የሚያቋርጠው የፍሳሽ መከላከያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ያለ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ) ሽቦ ሙሉ አይደለም።

የሚወርድን ብሬከር በትልቅ መቀየር

2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 40 አምፔር ብሬከር ማሰር ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው። በሽቦ የተጠቀለለ ፊውዝም ያው ነው። ብሬከሩ የሚወርደው ምክንያት ስላለው ነው፤ ምክንያቱ ይፈለግ።

መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን በዘፈቀደ ማገናኘት

በእኛ አካባቢ መብራት መሄዱ እንግዳ አይደለም፤ ችግሩ የሚመጣው ጄኔሬተሩ ከመብራት ኃይል መስመር የሚለየው መቀያየሪያ ማብሪያ ሳይኖር በቀጥታ ሲታሰር ነው። የጄኔሬተሩ ኃይል በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ሄዶ መስመሩ ላይ 15,000 ቮልት ይሆናል፤ ምሰሶ ላይ ያለው የመስመር ሠራተኛ ደግሞ ጠፍቷል ብሎ ነው የወጣው። ከዚህም ሌላ መብራት ሲመለስ በራሱ የሚነሳ ማሽን ካለ፣ ጣቱን ውስጡ ያስገባን ሰው አይምርም።

የጥጥ ብናኝን እንደ ቆሻሻ ብቻ ማየት

በፈትል ክፍል ፓናሉ (የኤሌክትሪክ ሳጥኑ) ውስጥ የተጠራቀመ ብናኝ ለመቀጣጠል አንድ የላላ ብሎን የሚፈጥረው ሙቀት ይበቃዋል። በየጊዜው ኃይል ተቋርጦ በመምጠጫ ይጸዳ፤ በአየር ግፊት መንፋት ብናኙን ወደ ሌላው ፓናል መላክ ነው።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው በባዶ እጅ መሳብ

ያኔ ሁለት ሰው ይያዛል። መጀመሪያ ኃይሉ ይቋረጥ፤ ካልተቻለ፣ መስመሩም ተራ የ220 ወይም የ380 ቮልት ከሆነ፣ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ይቻላል። ካልተነፈሰ ደረቱን በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይጀመር፣ ሌላ ሰው አምቡላንስ ይጥራ። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውኃም አይሰጥም፣ ያንቀዋል። ነቅቶ «ደህና ነኝ» ቢልም እንኳ ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ የልብ ምቱ በመሣሪያ ሳይታይ ወደ ፈረቃው አይመለስም።