ጨጓራ ነው ወይስ የወሊድ መከላከያው?

እኛ ሀገር ሆድ ውስጥ የሚሰማ ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ማቅለሽለሹም ጨጓራ፣ መነፋቱም ጨጓራ። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የጀመረች ሴት ሆዷ ሲረበሽ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ገዝታ ትገባለች። ሐኪም ጋ ሄዳ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ስትባልም «የለም» ትላለች፤ የወሊድ መከላከያን መድኃኒት ብሎ የሚቆጥር ጥቂት ነው። እስቲ ከምልክቱ እንነሳ።

ያቅለሸልሸኛል

ኪኒን ከጀመርሽ ገና ሳምንታት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ውስጡ ያለው ኤስትሮጅን የሚባል ሆርሞን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ወር ይተዋል። እስከዚያ ግን ዝም ብለሽ አትሰቃዪ። ጠዋት በባዶ ሆድ መዋጥ ያባብሰዋል። ማታ ከእራት በኋላ አድርጊው፤ ማቅለሽለሹ እንቅልፍ ላይ ሆነሽ ያልፋል። ለጾመኛም መፍትሄው ይኸው ነው፤ በረመዳን ደግሞ ከአፍጥር በኋላ። ሰዓቱን ስትቀይሪ ግን ክፍተቱ ከ24 ሰዓት አይብለጥ። ዛሬ ጠዋት ከዋጥሽ ቀጣዩን ዛሬ ማታ ውሰጂ እንጂ ነገ ማታ ድረስ አትጠብቂ።

3 ወር አልፎም ካልተወሽ በራስሽ አታቁሚው። ኤስትሮጅኑ ያነሰ ወይም ጭራሽ የሌለው ዓይነት ስላለ እንዲቀየርልሽ ጠይቂ። ኪኒን ዘለሽ ከነበረ ወይም ለብዙ ወራት ተስማምቶሽ ቆይቶ በድንገት ካቅለሸለሸሽ፣ ከሁሉ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

አስመለሰኝ፣ ተቅማጥም ያዘኝ

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከሆድም ያልፋል። በዋጥሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ ኪኒኑ እንዳልተወሰደ ቁጠሪው። ቶሎ ሌላ ፍሬ ዋጪ፣ ቀጣዩን በተለመደው ሰዓት ውሰጂ። ለፖስትፒልም (ለድንገተኛው የወሊድ መከላከያ) ያው ነው፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ከወጣ ይደገማል። ማስመለሱ ወይም ተቅማጡ ከ2 ቀን በላይ ከቆየ፣ ኪኒን እንደዘለልሽ ነው የሚቆጠረው። መዋጡን አታቋርጪ፤ ከተሻለሽ በኋላ 7 ቀን በተከታታይ እስክትወስጂ ድረስ ግን ኮንዶም ተጠቀሚ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚታዘዙት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች የኪኒኑን ኃይል አይቀንሱም። የሚያመጡት ትውከትና ተቅማጥ ግን ይቀንሰዋል። ብዙ ሴት ይህን ሳይነግሯት መድኃኒቷን ይዛ ትወጣለች፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ደረቀብኝ፣ ሰገራዬም ጠቆረ

የኪኒኑን ማሸጊያ አውጪና እዪው። 28 ፍሬ ከሆነና የመጨረሻዎቹ 7ቱ ቀለማቸው ቡናማ ከሆነ፣ እነዚያ ብዙ ጊዜ ሆርሞን ሳይሆን አይረን (የብረት ማዕድን) ናቸው። አይረን ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራም ያጠቁራል። ችግሩ በየወሩ በዚያች ሳምንት ብቻ ከመጣ፣ ምክንያቱን አገኘሽው። ውኃ፣ አትክልትና ምስር አብዢ። ቡናማዎቹን ብትተዪም መከላከያው አይቀንስም፤ አዲሱን ማሸጊያ በቀኑ መጀመርን ብቻ አትርሺ። አይረን ሳትወስጂ ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ጨጓራሽ ወይም አንጀትሽ እየደማ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል

የሦስት ወሩ መርፌ ሆድ ሊነፋና የምግብ ፍላጎት ሊጨምር ይችላል። አንዴ ከተወጋሽው ሊወጣ ስለማይችል፣ ካልተስማማሽ ከቀጣዩ ቀጠሮ በፊት ስለ ሌላ አማራጭ ተነጋገሪ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ደግሞ ሆርሞን የለውም። ከእምብርት በታች የሚቆርጥሽ ማህፀንሽ ስለሆነ የጨጓራ መድኃኒት አይነካውም። በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር ይረዳል፤ የእውነት የጨጓራ ቁስለት ካለብሽ ግን አይሆንሽም።

ጊዜ የማይሰጥ ሕመም

ቅባት የበዛበት ወጥ በበላሽ ቁጥር በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚይዝሽ ከሆነ ሐሞት ሊሆን ይችላል። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሆድሽን ድንገት አጥብቆ ካመመሽ፣ ወይም ደረትሽን ወይም አንድ እግርሽን ካመመሽ አትጠብቂ። የወር አበባሽ ቀርቶ በአንድ ጎን ከቆረጠሽ ደግሞ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ሂጂ። የኪኒኑን ማሸጊያ ወይም የመርፌ ካርድሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፤ ባይጠይቁሽም አውጥተሽ አሳዪያቸው።