አክቲቭ ባስ ጊታር ላይ ፓሲቭ ቶን እንዴት እንደሚጨመር

የአክቲቭ ባስ ጊታር፣ ማለትም በባትሪ የሚሠራ ማጉያ በውስጡ ያለው ባስ፣ ባለቤት ማዞሪያ አይቸግረውም። ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍም ዝቅም ያደርጋል። የቀጭኑን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ሲመልሰው ግን የሚጠብቀው ድምፅ አይመጣለትም። ጣት በክሩ ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ጭረት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ከትልቁ ከበሮ ጋር ተዋህዶ የሚሄደው ያ ክብና ልስልስ ድምፅ የሚገኘው ፓሲቭ ቶን ከሚባል፣ ባትሪ ከማይፈልግ የቆየ ዘዴ ነው፤ አንድ ፖቴንሽዮሜትር (በአጭሩ ፖት፤ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መቋቋሙ፣ በማዞር የሚለወጥ ዕቃ)፣ አንድ ካፓሲተር (ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይልቅ በቀላሉ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ)፣ በቃ። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው ፌንደር ፕሪሲዥን ባስ የነበሩት ማዞሪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለድምፅ መጠን፣ ሌላው ለዚህ ቶን። በ1976 ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ ፕሪአምፕ (ያንን በባትሪ የሚሠራ ማጉያ) በሆዱ ይዞ ከመጣ ወዲህ አክቲቭ ባስ በሰፊው ተለመደ። ሁለቱን በአንድ ጊታር ላይ ማኖር ይቻላል፤ ሥራውም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ማወቅ

ከሥራው ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ስለሆነ የብየዳው ካውያ ከመጋሉ በፊት ጥቂት እንቆይበት። ቶኑ መግባት ያለበት በፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጠው ዕቃ) እና በፕሪአምፑ መካከል ነው። ከፕሪአምፑ በኋላ ከገባ አይሠራም።

እኔ የመጀመሪያውን የሠራሁት ከፕሪአምፑ በኋላ፣ በመውጫው ጃክ ላይ ነበር። ብየዳው ንጹሕ፣ ዕቃውም ደኅና ነበር፤ ማዞሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳዞረው ግን ድምፁ ንቅንቅ አላለም። ካፓሲተሩን ተጠራጥሬ ሁለት ጊዜ ቀየርኩት። ጥፋቱ የካፓሲተሩ አልነበረም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ካፓሲተሩ ቀጭኑን ድምፅ ወደ ግራውንድ (ወደ ኤሌክትሪኩ የጋራ መመለሻ መስመር) የሚያፈሰው ብቻውን አይደለም፤ ከፊቱ ካለው ሬዚስታንስ ጋር ተጣምሮ ነው። ከፊቱ 10 ኪሎ ኦም ካለ፣ 0.047 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር መቁረጥ የሚጀምረው ከ340 ኸርዝ አካባቢ ነው። የፕሪአምፕ መውጫ ግን ሬዚስታንሱ በጣም ዝቅተኛ ነው። 1 ኪሎ ኦም ቢሆን መቁረጫው ወደ 3,400 ኸርዝ ይወጣል፤ 100 ኦም ቢሆን ደግሞ ሰው ከሚሰማው ክልል አልፎ ይሄዳል።

ፒክአፑ ሌላም ነገር ይጨምራል። በማግኔት ዙሪያ የተጠመጠመ ረጅም ሽቦ ስለሆነ ከካፓሲተሩ ጋር ሲገናኝ ከመቁረጫው አጠገብ ትንሽ ጉብታ (ድምፁ ጎላ የሚልበት ቦታ) ይፈጥራል፤ ከጉብታው በላይ ያለውን ደግሞ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ይበልጥ እየቆረጠ ይሄዳል። የፒክአፑ ኢንደክታንስ (ጥምጥሙ የኤሌክትሪክ ፍሰት ለውጥን የሚቋቋምበት ልክ) 4 ሄንሪ ቢሆን ጉብታው ወደ 370 ኸርዝ ይጠጋል። ቶኑ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶም ባሱ ሳይታፈን ሲናገር የምንሰማው በዚህ ጉብታ ምክንያት ነው። የፕሪአምፑ የቀጭን ድምፅ ማዞሪያ ግን ከተወሰነ ከፍታ በላይ ያለውን በተመሳሳይ መጠን ዝቅ አድርጎ ያቆማል። ጭረቱ የሚተርፈው ለዚህ ነው።

ፒክአፑን መለየት

የኋላውን ክዳን ይክፈቱና ከፒክአፖቹ የሚመጡትን ሽቦዎች ይከተሉ። ከባትሪው የሚነሳ ሽቦ ወደ ፒክአፑ ራሱ ከገባ፣ ፒክአፑም አክቲቭ ነው፤ ኢኤምጂ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ባትሪው የሚመግበው ፕሪአምፑን ብቻ ከሆነ ፒክአፑ ፓሲቭ ነው፤ አብዛኛው አክቲቭ ባስ እንዲህ ነው።

ለፓሲቭ ፒክአፕ የ250 ኪሎ ኦም ፖት ከ0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር ይውሰዱ። ለአክቲቭ ፒክአፕ ደግሞ 25 ኪሎ ኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ ይሆናል። በዚህኛው ጉብታው ስለማይገኝ ድምፁ ትንሽ ይለያል፤ ቢሆንም ይጠቅማል።

ፖቱ በ"ኤ" ፊደል የተለየው፣ ሎጋሪዝማዊ የሚባለው ይሁን። በ"ቢ" የተለየውን ካስገቡ ለውጡ ሁሉ ማዞሪያው ሊዘጋ ሲል ባለችው ጠባብ ቦታ ይታጨቃል። ስለ ካፓሲተር ብዙ ይወራል፤ በዘይት የተነከረው፣ አሮጌው፣ ውዱ ይሻላል ይባላል። የእኔ እምነት ግልጽ ነው፤ ድምፁን የሚወስነው ቁጥሩ ነው። ተራ የፊልም ካፓሲተር ይበቃል፤ በጊታር ውስጥ ያለው ቮልቴጅ እጅግ ትንሽ ስለሆነ የቮልቴጅ መጠኑም አያሳስብም። በላዩ ላይ 473 የሚል ከተጻፈ 0.047 ነው፤ 223 ማለት 0.022፣ 104 ማለት 0.1 ነው።

ሳይበየድ መሞከር

ይህን ደረጃ አይዝለሉት። ጫፋቸው መቆንጠጫ የሆነ ሁለት ሽቦዎች ያዘጋጁ። ከፖቱ ሦስት እግሮች መካከል የመሃለኛውንና አንዱን ዳር ይጠቀሙ። ካፓሲተሩን በዳሩ እግር ላይ በጊዜያዊነት ይጠምጥሙት። አንዱን መቆንጠጫ ከፖቱ መሃል እግር ወደ ፕሪአምፑ መግቢያ፣ ሌላውን ከካፓሲተሩ ነጻ ጫፍ ወደ ግራውንድ ያያይዙ። መግቢያው ብዙ ጊዜ ከድምፅ መጠን ወይም ከፒክአፕ ማደባለቂያው ፖት ተነስቶ ወደ ፕሪአምፑ ሰሌዳ የሚሄደው ሽቦ ነው፤ ዙሪያውን የተጠለፈ ሽቦ ካለበት ጥልፉ ግራውንድ፣ መሃሉ ሲግናል (ድምፁን የሚሸከመው መስመር) ነው።

አምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርገው ይሰኩና ክፍቱን ክር ይምቱ። ሽቦዎቹ ሜዳ ላይ ስለሆኑ ትንሽ ያጉረመርማል፤ አያስጨንቅ። ፖቱን በጣትዎ ይዘው ቀስ ብለው ሲያዞሩት መጀመሪያ የክሩ ብረታማ ጩኸት ይሸሻል፤ ቀጥሎ የጣት ጭረቱ ይጠፋል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ድምፅ ክብ ይሆናል። በዚሁ አጋጣሚ 0.022 እና 0.1 ካፓሲተሮችንም ይሞክሩ። የመጀመሪያው መካከለኛውን ድምፅ ይበልጥ ይተወዋል፤ ሁለተኛው ወደ ጥልቁ ይወስደዋል። በጆሮዎ የመረጡት ከማንም ምክር ይበልጣል።

መትከልና መበየድ

አሁን ባትሪውን ያውጡ፣ ኬብሉን ይንቀሉ፣ የውስጡን ሁሉ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ፎቶው አንድ ሽቦ በድንገት ቢነቀል ያድናል።

ለፖቱ ቦታ ማግኘት ሌላው ጉዳይ ነው። አዲስ ቀዳዳ መብሳት ከፈለጉ በጓዳው ውስጥ የፖቱን ስፋትና የክዳኑን ከፍታ ለክተው፣ ከባትሪው ጋር እንደማይጋጭ አረጋግጠው፣ የፊቱን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው ከቀጭን መሰርሰሪያ ጀምረው ይብሱ። እኔ ግን ቀዳዳ ባይበሳ እመርጣለሁ። የድምፅ መጠን ፖቱ ከፕሪአምፑ በፊት ያለ ከሆነ፣ በእሱ ምትክ ሁለት ማዞሪያ የተደራረበበትን ፖት መትከል ይቻላል፤ የላዩ ለድምፅ መጠን፣ የሥሩ ለቶን። ጊታሩም ሳይነካ ይቀራል።

ካውያውን ወደ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁት። የጊታሩን ፊት በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ አንዲት የስታኞ (ቀልጦ ሽቦዎቹን የሚያያይዘው ብረት) ጠብታ ቀለም ታበላሻለች። የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ይፈትጉት፤ ስታኞው የሚይዘው ያኔ ነው።

የትኛውን የዳር እግር መጠቀም እንዳለብዎ በመልቲሜትር ይለዩ። ማዞሪያው ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ሲዞር ከመሃሉ እግር ጋር ወደ 250 ኪሎ ኦም የሚያሳየው ትክክለኛው ነው፤ ዜሮ የሚያሳየውን ባዶ ይተዉት። ካፓሲተሩን ከተለየው እግር ወደ ፖቱ ጀርባ ይበይዱ፤ ከጀርባው ሌላ ሽቦ አውጥተው ከጊታሩ የጋራ ግራውንድ ጋር ያገናኙ። ከመሃሉ እግር የሚወጣው ሽቦ ወደ ሲግናሉ ይሄዳል። ከፕሪአምፑ በፊት አንድ የድምፅ መጠን ፖት ብቻ ካለ ሽቦውን ከፒክአፑ በኩል በሚቀበለው እግር ላይ ይበይዱት። በመውጫው እግር ከሆነ፣ ቶኑ ሙሉ ክፍት እስካልሆነ ድረስ የድምፅ መጠኑን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር የቶኑን ማዞሪያ ሳይነኩት ድምፁ ይጨልማል። ሁለት የድምፅ መጠን ፖቶች ካሉ ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ ይጠቀሙ።

ፕሪአምፑን የማለፊያ ማብሪያ ያለው ባስ ከሆነ፣ ሽቦው ከማብሪያው በፊት ይግባ። ያኔ ቶኑ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ባትሪው መድረክ ላይ ቢያልቅ ባዶ እጅዎን አይቀሩም።

ባይሠራ

ድምፅ ጭራሽ ከሌለ የሲግናሉ ሽቦ ግራውንድን ነክቷል። ድምፅ ኖሮ ቶኑ ሲዘጋ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ካፓሲተሩ ተዘሏል፤ ፖቱ በቀጥታ ግራውንድ ላይ ነው ማለት ነው። ማዞሪያው ተገላቢጦሽ ከሠራ ሌላው የዳር እግር ተበይዷል። ማዞሪያውን ሲነኩ የሚያጉረመርም ከሆነ የፖቱ ጀርባ ከግራውንድ ጋር አልተገናኘም። ቶኑ ሙሉ ክፍት ሆኖም ድምፁ ከቀድሞው ትንሽ ቢለሰልስ ስህተት አይደለም፤ አዲሱ ፖት በፒክአፑ ላይ የጨመረው ጫና ነው። ካልወደዱት 500 ኪሎ ኦም ይቀይሩት፤ ወይም መጨረሻው ላይ ራሱን ከመስመሩ የሚያወጣ ፖት ይፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሲጫወቱ ይስተዋላል። ፕሪአምፑ የራሱ የሆነ ስስ የሹክሹክታ ድምፅ አለው፤ አዲሱ ቶን ከፊቱ ስለሆነ ያንን አይቆርጠውም። ቶኑን ዘግተው የፕሪአምፑን ቀጭን ድምፅ ከፍ ቢያደርጉ የሚያድገው ይኸው ሹክሹክታ ብቻ ነው። እኔ ቶኑን ግማሽ ላይ አድርጌ የፕሪአምፑን ቀጭን መሃል ላይ እተወዋለሁ፤ ወፍራሙን ብቻ ጥቂት ከፍ አደርጋለሁ።