ለድርጅታችሁ ኤንኤፍቲ ከማውጣታችሁ በፊት፦ ደረጃ በደረጃ

"ኤንኤፍቲ አለቀለት" የሚል ሰው ብዙ ነው። ግርግሩ አልቋል፣ እውነት ነው። ቴክኖሎጂው ግን አለ፤ ለአንዳንድ ሥራም ይጠቅማል። ለንግዳችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ሊብሬውን ከመኪናው ለዩ

መኪና ስትገዙ ሊብሬ ትቀበላላችሁ። ሊብሬው መኪናው አይደለም፤ መኪናው የማን እንደሆነ የሚናገር ሰነድ ነው። ኤንኤፍቲም እንደዚያው ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች አብረው በሚጠብቁት መዝገብ፣ ማለትም በብሎክቼይን ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። ባለቤቱ የትኛው ዋሌት (የዲጂታል ቦርሳ) እንደሆነ ለሁሉም ይታያል፤ ሲሸጥ ስሙ ይዞራል። አንዱን መቶ ብር በሌላ መቶ ብር ብትለውጡት ልዩነት የለውም። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ለብቻው ነው።

ሥዕሉ፣ ሙዚቃው ወይም የኮንሰርቱ መግቢያ ሌላ ነገር ነው። ከመኪና ሊብሬ ጀርባ መንግሥት አለ። ከእናንተ ኤንኤፍቲ ጀርባ ያለው የእናንተ ቃል ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ቃል ዙሪያ ነው።

2. ቃላችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ

"ይህን የያዘ ሰው ምን ያገኛል?" ብላችሁ ጻፉ። መልሱ "ዋጋው ይጨምራል" ከሆነ እዚያው አቁሙ። የትዊተር መሥራች ጃክ ዶርሲ የመጀመሪያ ትዊት በማርች 2021 በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገዢው በዓመቱ 48 ሚሊዮን ዶላር ፈልጎ ለጨረታ አቀረበው። ጨረታው ሲዘጋ ከቀረቡት ዋጋዎች ትልቁ 300 ዶላር እንኳ አልሞላም።

የተሻለ መልስ ያለው ስታርባክስ ነበር። በዲሴምበር 2022 ኦዲሲ የሚባል የደንበኞች ፕሮግራም ጀመረ። ደንበኛው ጨዋታና ጥያቄ ሲጨርስ "ስታምፕ" ይሰጠዋል። ስታምፑ ኤንኤፍቲ ነው፤ ግን "ኤንኤፍቲ" የሚለውን ስም ለደንበኛው አልጫኑበትም። ዋሌት ክፈት፣ ክሪፕቶ (የብሎክቼይን ገንዘብ) ግዛ አላሉትም፤ የሚሸጡትን በባንክ ካርድ ይገዛል። ይህ አካሄድ በጣም ደስ ይለኛል። ሆኖም በማርች 2024 መጨረሻ ተዘጋ። ያን ያህል አቅም ያለው ድርጅት የዘጋውን ሥራ አንድ ሱቅ ሲጀምረው በደንብ ማሰብ አለበት።

ስለዚህ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ደንበኛው ይህን ነገር ያለ እኛ ፈቃድ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ያስፈልገዋል? እንደ ትኬት ወይም እንደ ውድ ዕቃ ማረጋገጫ ከሆነ፣ አዎ። አሥረኛውን ቡና በነፃ ለመስጠት ከሆነ ግን የስልክ ቁጥር መዝገብ ይበቃል፤ ርካሽም ነው።

3. መብቱ የማን እንደሆነ አጣሩ

ኤንኤፍቲ የገዛ ሰው በስምምነት ካልተጻፈለት በቀር የቅጂ መብት አይገዛም። የሌላ ሰው ንድፍና የንግድ ምልክትም አትንኩ። የፈረንሳዩን ፋሽን ድርጅት የኤርሜስን "ቢርኪን" ቦርሳ በኤንኤፍቲ ምስል አስመስሎ "ሜታቢርኪንስ" ብሎ የሸጠ አንድ አርቲስት፣ በፌብሩዋሪ 2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ተፈርዶበት 133,000 ዶላር እንዲከፍል ተወስኗል።

4. ምስሉ የት እንደሚቀመጥ ወስኑ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ምስሉ ራሱ ብዙውን ጊዜ ብሎክቼይኑ ላይ የለም። እዚያ ያለው አድራሻው ነው።

በዓይናችሁ እዩት። ኢተርስካን ላይ (ኢቴሪየም የሚባለውን ብሎክቼይን መዝገብ የሚያሳይ ድረ ገጽ ነው) የአንድ ኤንኤፍቲ ኮንትራት፣ ማለትም ኤንኤፍቲውን የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም ክፈቱ። "ሪድ ኮንትራክት" የሚለውን ተጫኑ። "ቶከን ዩአርአይ" የሚለውን ፈልጉና የቶከኑን (የኤንኤፍቲውን) ቁጥር አስገቡ። አንድ መስመር ይወጣል። በ"ኤችቲቲፒኤስ" ከጀመረ፣ ፋይሉ ያለው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ወይም ድርጅት በሚከፍልበት ሰርቨር ላይ ነው። ክፍያው ሲቆም ምስሉ ይጠፋል። በ"አይፒኤፍኤስ" ከጀመረ አድራሻው የተሠራው ከፋይሉ ይዘት ነው፤ ፋይሉ ቢነካካ አድራሻው አይገጥምም። ግን ያም ቢሆን ፋይሉን ይዞ የሚቆይ ኮምፒውተር ይፈልጋል። አርዊቭ ደግሞ አንዴ ተከፍሎ ለረጅም ዘመን እንዲያስቀምጥ የተሠራ ነው።

ናይኪ በ2021 አርቲፋክት የሚባል የኤንኤፍቲ ድርጅት ገዛ፤ በ2024 መጨረሻ ሥራው እንደሚዘጋ ተነገረ። በኤፕሪል 2025 ደንበኞች ብዙ ገንዘብ ያወጡባቸው የአርቲፋክት "ክሎንኤክስ" ምስሎች በድንገት ጠፉ። በምስሉ ቦታ የሚታየው የሰርቨር አቅራቢው ማስጠንቀቂያ ነበር። በኋላ ምስሎቹ ተመልሰዋል። ለዚያን ጊዜ ግን ሊብሬው በሰው እጅ፣ መኪናው ደብዛው የጠፋ ነበር። ደንበኞቻችሁን እንዲህ አታስደንግጡ።

5. በሙከራ መረብ ጀምሩ

ኢቴሪየም ላይ ሚንት ስታደርጉ (አዲስ ኤንኤፍቲ መዝገቡ ላይ ስታወጡ) "ጋዝ" የሚባል ክፍያ አለ፤ መረቡ ሲጨናነቅ ይንራል። እንደ ፖሊጎን ያሉ ሌሎች መረቦች ይረክሳሉ። ኤሌክትሪክ ይበላል የሚለው የድሮ ስሞታ ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ ለኢቴሪየም አይሠራም፤ ፍጆታው ከ99 በመቶ በላይ ወርዷል። ገንዘብ ሳትነኩ ሴፖሊያ በሚባለው የሙከራ መረብ ላይ አንድ ሁለት ሥሩ፤ ለባልደረባችሁ ላኩ፣ ስሙ ሲዞር ተመልከቱ።

6. ሒሳቡና ሕጉ

ዳግም ሽያጭ ላይ ሮያሊቲ (ለሠሪው የሚመለስ ድርሻ) እናገኛለን ብላችሁ በጀት አትያዙ። የኤንኤፍቲ መገበያያው ኦፕንሲ በኦገስት 2023 መጨረሻ ሮያሊቲን ማስገደድ ትቷል። ኢትዮጵያ ያላችሁ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። አሜሪካ ያላችሁ፣ የግብር ቅጹ ላይ ያለው የዲጂታል ንብረት ጥያቄ ኤንኤፍቲንም ይጨምራል።

7. ቁልፉና መዝጊያው

ዋሌቱን የሚከፍቱትን ምሥጢራዊ ቃላት በስልክ ፎቶ አታንሱ፣ በቴሌግራም አትላኩ። ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ አኑሩ። ባለአደራው አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ሲለቅ ሥራው አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ካልፈረመ የማይንቀሳቀስ ዋሌት ክፈቱ።

በመጨረሻ፣ ሽያጩ ሳይጀመር የመዝጊያውን አንቀጽ ጻፉ፦ "ፕሮግራሙ ቢቆም ከ90 ቀን በፊት እናሳውቃለን፤ ምስሎቹ እዚህ ቦታ ይቆያሉ፤ ያልተጠቀማችሁበት ጥቅም እንዲህ ይከፈላል።" ይህን አንቀጽ ከዋጋው አጠገብ፣ ገዢው በቀላሉ በሚያየው ቦታ አድርጉት።