እንጉዳይ ጥብስ እንጂ የእንጉዳይ ሾርባ አላልኩም

ጾም በገባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውሉት ጎረቤቶች፣ የእህቴ ጓደኞች፣ አንዳንዴም ድሮ አብረን የሠራን ልጆች ናቸው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። «እንጉዳዩ ውሃ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ?» እኔም «ድስት ላይ ነው መጥበሻ ላይ?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ዝም ካሉ ድስት ነው።

እኔ ወጥ ቤት ውስጥ የጾም ምግብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እንጉዳይ እወዳለሁ፤ ከሥጋ ጥብስና ከሱ ምረጪ ብባል ቆም ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሲበላሽ ሳይ ያመኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። አንዱን ግን አሁንም በየሳምንቱ ሰው ሲሠራው አያለሁ፤ እሱ ላይ ትንሽ ብቆጣ ይቅር በሉኝ።

አጭቆ መጥበስ

እንጉዳይ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ገዝታችሁ ስትገቡ ወደ ዘጠኝ መቶ ግራም የሚሆን ውሃ ተሸክማችኋል ማለት ነው። ያ ውሃ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። መጥበሻው ሰፊና የጋለ ከሆነ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ጠባብ ድስት ውስጥ ከታጨቀ ግን መውጫ ያጣና ታች ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ የምትጠብሱ ይመስላችኋል እንጂ እየቀቀላችሁ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ ውስጥ የተኛ እንጉዳይ እሳቱን የቱንም ያህል ብታነዱት ከዚያ አያልፍም። ያ ቡኒ መልክና ያ የጥብስ ሽታ የሚመጣው ግን ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው። ውሃው ተንኖ ካላለቀ እዚያ አይደረስም። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጣፈጫ ነው።

ጥፋቱ የእጃችን ልማድ ነው። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያየነው ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ ይቁላላል፣ ዘይት ይጨመራል፣ ከዚያ ዋናው ነገር ይገባል፣ ይከደናል። ለወጥ ግሩም ነው፤ መረቁን እንፈልገዋለን። ለጥብስ ግን ሽንኩርቱም ውሃ ያወጣል፣ እንጉዳዩም ያወጣል፣ ክዳኑ ደግሞ የተነነውን መልሶ ያንጠባጥባል። እንጉዳይ ጥብስ ላይ ክዳን የሚከድን ሰው ምን እንደሚጠብቅ አላውቅም።

ይህን ስል ግን የመጀመሪያውን ሁዳዴዬን አልረሳሁም። ገና ጀማሪ ነኝ። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ትዕዛዝ ተደራርቧል። ጊዜ ላተርፍ ብዬ አምስት ኪሎ እንጉዳይ በትልቁ ብረት ድስት ከነሽንኩርቱ ገለበጥኩት። ከደንኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስከፍተው ግራጫ ኩሬ ጠበቀኝ፤ እንጉዳዮቹ ላዩ ላይ ይዋኛሉ። የቤቱ ባለቤት በጭልፋ ቀድተው አዩት። «ይሄ ጥብስ ነው ወይስ ገላቸውን እየታጠቡ ነው?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ «ሾርባዋ» ተባልኩ።

እንዲህ ነው የሚደረገው። ሰፊ መጥበሻ ባዶውን ይጋል። ጠብታ ውሃ ስትጥሉበት እየዘለለ ከጠፋ ደርሷል። ሁለት ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። እንጉዳዩን በአንድ ረድፍ ዘርጉት፤ መደራረብ የለም። ካልበቃ በሁለት ዙር ይጠበስ። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ማማሰያውን ጣሉትና ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ ይንጫጫል። ቀጥሎ ድምፁ ይለዝባል፣ ውሃው እየወጣ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ሰው ደንግጦ ማማሰል የሚጀምረው። ተውት። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ እንደገና ይቀጥንና ጭር ጭር ማለት ይጀምራል። ያኔ አንዷን በሹካ ገልብጣችሁ እዩ። ጠርዟ እንደ ተቆላ ቡና ከቀላ ሁሉንም ገልብጡ።

ሽንኩርቱ፣ ቃሪያው፣ የጥብስ ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ነው። ሽንኩርቱን ወፍራም አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ደቂቃም ባይቆይ ግድ የለም። ነጭ ሽንኩርት ከሁሉም መጨረሻ፤ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመራል። ጨውም መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ውሃውን ቶሎ ያስወጣዋል፣ በተለይ መጥበሻው ከተጨናነቀ።

ዘይት መደራረብ

እንጉዳይ መጀመሪያ ዘይቱን ስፖንጅ ሆኖ ይጠጣል። መጥበሻው ሲደርቅ ትደነግጡና ትጨምራላችሁ። እሱ ደግሞ ሲኮማተር የጠጣውን ይተፋዋል። ውጤቱ እንጀራውን አልፎ ሳህኑ ድረስ የሚወርድ ዘይት ነው። አትጨምሩ፣ ጠብቁት።

መዘፍዘፍ፣ ወይም ጨርሶ አለማጠብ

አንዱ ወገን እንደ ምስር ይዘፈዝፈዋል። አንድ የወጥ ቤት ረዳት ልጅ ነበረን፣ በጣም ጠንቃቃ ነው፤ «ይጥራ ብዬ» ብሎ ኦይስተር የሚባለውን የእንጉዳይ ዓይነት ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ አሳደረው። ጠዋት ስንነካው እጃችን ላይ ይሟልጫል። ሌላው ወገን ደግሞ ውሃ ጠብ ካለበት ይሞታል ብሎ በጨርቅ አንድ በአንድ ሲወለውል ይውላል። እኔም ለዓመታት እንዲያ ነበርኩ፤ የሆነ ቦታ ሰምቼ እንደ ሃይማኖት ያዝኩት። ለጥቂት ሰከንድ ቢታጠብ የሚይዘው ውሃ ግን ኢምንት ነው፤ እሱ ራሱ ውሃ ነው እኮ። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ ቧንቧ ስር አለቅልቁት፣ አጠንፍፉት፣ በሶፍት አድርቁት፣ ወዲያው ጥበሱት። አጥቦ ፍሪጅ ማስገባት ግን የለም።

ኦይስተሩን በቢላ መክተፍ

በእጅ ይተልተል። እንደ ሥጋ ጭረት ነው የሚሄደው፤ የተተለተለው ጠርዝ ደግሞ ከተቆረጠው በተሻለ ይጠበሳል። ቢላ የሚያስፈልገው ታች ያለውን ደረቅ እግር ለመቁረጥ ብቻ ነው። እግሩንም አትጣሉት፤ ቀቅላችሁ መረቁን ለሽሮ አድርጉት።

«ብዙ ከቆየ ይጠነክራል»

አይጠነክርም። ይህ የሥጋ ፍርሃት ነው። ሥጋ እሳት ሲበዛበት ይደርቃል፣ የእንጉዳይ አካል ግን ካይቲን ከሚባል ነገር የተሠራ ነው፤ የነፍሳት ቅርፊትም የሚሠራው ከዚሁ ነው። እሳት በቀላሉ አይረታውም። ለዚህ ነው ወጥ ውስጥ አርባ ደቂቃ ቢቆይም ጥርስ ላይ የሚታኘክ ነገር የሚተውላችሁ። ጀማሪ የሚሳሳተው በተቃራኒው ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያወጣዋል። ያልበሰለ እንጉዳይ ለሆድም ይከብዳል፣ ጣዕምም የለው።

በበርበሬ መቅበር

እዚህ ላይ የሚጣላኝ ሰው ብዙ ነው። እንጉዳይ የራሱ የሆነ ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም አለው፤ ግሉታሜት ከሚባል ንጥረ ነገር የሚመጣ ነው። ሦስት ማንኪያ አዋዜ ካፈሰሳችሁበት የበላችሁት አዋዜ ነው፣ በድንችም ይሆንላችሁ ነበር። ወጥ ከሆነ እሺ፣ በርበሬው ይግባ፤ ግን እንጉዳዩን ለብቻው ጠብሳችሁ ቁሌቱ ከበሰለ በኋላ ጨምሩት። ጥብስ ከሆነ አዋዜው ዳር ላይ በትንሽ ሳህን ይቅረብ። የፈለገ ያጥቅስ።

ፌስታል

ታፍኖ ያልበዋል፣ ከዚያ ይሟልጫል። ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ፤ ሦስት አራት ቀን። የተረፈውን በበጋ ፀሐይ ማድረቅ ይቻላል። ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ሰፌድ ላይ ዘርጉት፣ ማታ ማታ አስገቡት። እንጨት ሆኖ ቀጭ ሲል ይፈጭና ሽሮው ላይ አንድ ማንኪያ። እንግዳ «ሽሮሽ ምን ገብቶበት ነው?» ሲል እኔ አልናገርም። ደግሞ ፀሐይ የመታው እንጉዳይ በውስጡ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ እንደኛው ቆዳ።

ለስም መክፈል

ይህ ውጭ ላላችሁት ነው። ሱቅ ውስጥ ትንሹ ነጭ፣ ቡኒው ክሬሚኒ፣ ትልቁ ፖርቶቤሎ ተብለው በተለያየ ዋጋ የሚደረደሩት ሦስቱም አንድ ዘር ናቸው። አንዱ በልጅነቱ የተቀጠፈ፣ አንዱ መልኩ ቡኒ የሆነ፣ አንዱ ደግሞ እስኪሰፋ የተተወ ነው። ትልቁ ጣዕሙ ጠንከር ይላል፣ ያ እውነት ነው። ለጥብስ ግን ርካሹ ይበቃል።

ከሜዳ መልቀም

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሜዳ ላይ የበቀለውን «የጅብ ጥላ» ብሎ ያልፈዋል። በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ግን ዝናብ ሲጥል ኩይሳ ላይ የሚፈላውን እንጉዳይ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እያወቁ የሚበሉ አሉ። እነሱ ያውቃሉ። እኔ አላውቅም፣ እናንተም ኢንተርኔት ላይ ፎቶ ስላያችሁ አታውቁም።

«ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅለሽ ካልጠቆረ ይበላል።» ውሸት። «ዝንጀሮ ከበላው ሰው ይበላዋል።» ውሸት። «በደንብ ከተቀቀለ መርዙ ይጠፋል።» ይሄኛው ገዳይ ውሸት ነው። የሞት ቆብ የሚባለው እንጉዳይ መርዝ በመቀቀልም፣ በማድረቅም፣ በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ጣዕሙም አያስጠነቅቅም፤ የተረፉ ሰዎች ይጣፍጥ ነበር ይላሉ። ማስመለሱና ተቅማጡ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከበሉ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ሻል ይላል፤ ሰው ዳንኩ ብሎ ይተኛል። ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን እያለቀ ነው።

በስደት ላላችሁት ደግሞ ይበልጥ አደራ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጀርመን ውስጥ ብዙ ስደተኞች በዚሁ እንጉዳይ ተመርዘዋል። አገራቸው የሚያውቁትን የሚበላ እንጉዳይ መስሏቸው ነው የለቀሙት። የሞት ቆብ ከአውሮፓ ዛፎች ጋር ተሻግሮ ካሊፎርኒያም ገብቷል። ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ነጭ በነጭ የሆነ፣ ሱቅ የሚሸጠውን የሚመስል የሥጋ ዘመዱ ዛፍ ስር ይበቅላል። የበላ ሰው ካለ ሕመም እስኪጀምረው አትጠብቁ፤ የተረፈውን እንጉዳይ ይዛችሁ ሐኪም ቤት።

ሥጋ ነው ብሎ ማቅረብ

በምግብነቱ ጀምሬ ልናገር፤ እንጉዳይ የሥጋ ምትክ አይደለም። መቶ ግራም ጥሬ እንጉዳይ ያለው ፕሮቲን ሦስት ግራም ገደማ ነው። ምስሩ አጠገቡ ይቅረብ። የእኔ ጥፋት ግን ሌላ ነበር።

አክስቴ ከጎጃም ለሕክምና መጥታ እኛ ቤት አርፋለች። ሁዳዴ ነው። አስቀድሳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ ላስደስታት ብዬ ኦይስተሩን ተልትዬ፣ በቃሪያና በጥብስ ቅጠል ጠብሼ፣ ሸክላው ላይ ከነፍሙ አቀረብኩላት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ፊቷን ማየት ፈልጌ ነው።

ጸሎቷን አድርሳ ጎረሰች። ሁለቴ አላመጠች። ከዚያ ቆመች። ዓይኗ ከሸክላው ወደኔ፣ ከኔ ወደ ሸክላው። በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«አንቺ ልጅ! በጾም ሥጋ አበላሽኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ እንጉዳይ ነው! የጾም ነው!»

«እንጉዳይ ምንድን ነው?»

ወንድሜ ከሶፋው ላይ ጣልቃ ገባ። «የጅብ ጥላ ነዋ!»

ከሥጋው ይሄኛው ባሰ። አሁን ነፍሷ ብቻ ሳትሆን ሥጋዋም ልትሄድ ነው። ጠበል የት እንዳስቀመጥኩት መጠየቅ ጀመረች። ፍሪጅ ከፍቼ የቀረውን ከነወረቀቱ አመጣሁ። ጭድ ላይ እንደሚበቅል፣ ሰው ዘርቶ እንደሚያሳድገው፣ እኔም ስበላው እንደኖርኩ አስረዳኋት። አንዷን አንስታ አሸተተች፣ ገለባበጠች፣ ቀደደች። «የዘሩት ከሆነማ…» አለችና ዝም አለች። ሸክላው እስኪቀዘቅዝ አልነካችውም። እኛ ወሬ ስንይዝ ግን እጇ ሲሄድ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ምግቡ ምን እንደሆነ ሳልናገር አላቀርብም። አክስቴም ጾም ሊገባ ሲል ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው እንዳለ ደውላ ታጣራለች። «የደረቀውን ላኪልኝ፣ ያንን የጅብ ጥላሽን» ትለኛለች፤ «ግን ለነፍስ አባቴ እንዳትነግሪ፣ እኔ ራሴ ቀስ ብዬ አስረዳቸዋለሁ።»