በፊቷ ላይ የልደት ምልክት ያለባትን ሕፃን ማሳደግ

በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንም ሆነ በመንዝና በአንኮበር፣ ሕፃን በፊቷ ላይ ምልክት ይዛ ስትወለድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «እናቷ ምን አምሯት ቀረባት?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ወላዷን በሌለባት ጥፋት ያስጨንቃታልና አስቀድሞ መታረም አለበት። የልደት ምልክት የሚፈጠረው ሕፃኗ በማሕፀን ሳለች የቆዳ ደም ሥሮች ወይም ለቆዳ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳት በአንድ ቦታ ላይ ከተለመደው በተለየ ሁኔታ ሲያድጉ ነው፤ እናት የበላችው ወይም ያማራት ነገር አያመጣውም። አባት ይህን በወላዷ ፊት ለዘመድና ለጎረቤት በግልጽ ቢናገር ከአራስ ገንፎ ባላነሰ ያበረታታታል።

ቀጥሎ የምልክቱን ዓይነት በሐኪም ማስለየት ያስፈልጋል። ከልደት ጀምሮ የሚታይ፣ ጠፍጣፋና ቀይ ወይም ወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት ከልጅቱ ጋር እያደገ ይሄዳል እንጂ በራሱ አይጠፋም፤ ስታለቅስ ወይም ሲያተኩሳት ደግሞ ይደምቃል። ይህ ዓይነቱ በግንባር ወይም በላይኛው የዓይን ቆብ ላይ ሲሆን አንዳንድ ጊዜ ከዓይን ግፊትና ከሚጥል በሽታ ጋር ስለሚያያዝ፣ ምንም የሕመም ምልክት ባይታይ እንኳ ሕፃኗን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለዓይን ሐኪም ማሳየት ይገባል። ዓይኗ ከሌላው ተለይቶ ከገዘፈ፣ ከደበዘዘ ወይም ከብርሃን ከሸሸ፣ ወይም አንዱ ወገኗ ከተንቀጠቀጠ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሲወለዱ የማይታይ ወይም እጅግ ደብዛዛ ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያበጠ የሚወጣው ቀይ እብጠት ሌላ ነው። አብዛኛውን እድገቱን እስከ 5 ወር ድረስ ይጨርስና ከዚያ በኋላ በዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ሆኖም በዓይን፣ በአፍንጫ ወይም በከንፈር አጠገብ ከሆነ ወይም ከቆሰለ ፈጥኖ መታከም አለበት። ሐኪም ፕሮፕራኖሎል የተባለውን መድኃኒት ካዘዘ፣ የስኳር መጠኗ እንዳይወርድ ሕፃኗ ሳትጠባ አይሰጣትም፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠትም አደገኛ ነው። ጥቁር ወይም ቡናማ፣ አንዳንዴም ጠጉር የሚያበቅል ምልክት ደግሞ መልኩ ወይም ቅርጹ እንዳይለወጥ በየጊዜው ይታያል።

የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባት ምልክቱን ለመከታተል ጥሩ አጋጣሚ ነው። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ዓይነት ሳንቲም ከምልክቱ አጠገብ አድርጎ በስልክ ፎቶ ማንሣት መጠኑ መለወጡን በግልጽ ያሳያል። ጤና ጣቢያው ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሊልክ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ለቆዳ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ ለዓይን ሕክምና የታወቁ ናቸው። ለቀዩ ጠፍጣፋ ምልክት በውጭ አገር በብዛት የሚሠራበት የሌዘር (የብርሃን ጨረር) ሕክምና መልኩን ያደበዝዛል እንጂ ሁልጊዜ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ በጠይም ቆዳ ላይ ሌላ ጥላ ሊተው ስለሚችልም ልምድ ያለው ሐኪም ያስፈልገዋል። ጸበል ማስጠመቅ ከሕክምና ጋር አይጣላም። መብጣት፣ መተኮስና ቅጠል ቀጥቅጦ መለጠፍ ግን ጠባሳና ቁስል ያመጣሉና ማንም ቢመክር አይደረጉ።

ወላጆች ብዙ ሊያስቡበት የሚገባው ግን የሰው ዓይን ነው። ዘመድ ሁሉ ሕፃኗን የሚያያት በ80ኛው ቀን፣ ክርስትና ስትነሣ ነውና አስቀድሞ ለአያቶችና ለክርስትና እናቷ መንገር በዕለቱ ከሚሰማ ድንጋጤ ያድናል። ሕፃንን ከብርድና ከደጋ ፀሐይ በነጠላ መጋረድ ተገቢ ነው፤ ሰው ሲመጣ ብቻ መሸፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ልጅቱ ነፍስ እያወቀች ስትሄድ እጅ ወደ ነጠላው የሚሄደው መቼ እንደሆነ ታስተውላለች።

በመናኸሪያም ሆነ በገበያ «ተቃጥላ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። አጭር መልስ ይዘጋጅ፦ «አይ እማማ፣ ስትወለድ ጀምሮ ያለ ነው፤ አያማትም።» ከዚህ በላይ ማብራራት ግዴታ አይደለም። ልጅቱ የምትሰማው ከቃሉ ይልቅ የእናቷን ድምፅ ስለሆነ ያለ ቁጣና ያለ ኀፍረት መናገር ያስፈልጋል። ሽማግሌዎች «ማርያም ስማት ነው» ሲሉ ፍቅራቸውን ነው የሚገልጹትና በደስታ መቀበል ይገባል፤ ሆኖም የጨዋታ ጓደኞቿ «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት የምትመልሰው ግልጽ ቃልም ያስፈልጋታል። 3 ወይም 4 ዓመት ሲሆናት በመስታወት ፊት እንደ አፍንጫዋና እንደ ጆሮዋ ምልክቷንም በስሙ ጠርታ እንድታሳይ ማድረግ፣ ከዚያም «ስወለድ ጀምሮ አለኝ፤ ና እንጫወት» ማለትን ከወንድሞቿና ከእኅቶቿ ጋር እየተጫወተች እንድትለማመድ መርዳት ይቻላል። በምልክቷ ቅጽል ስም ማውጣት ግን፣ በፍቅር የተባለ ቢሆንም፣ ከቤት መጀመር የለበትም።

ኦ ክፍል ከመግባቷ በፊት ከመምህሯ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። መምህሯ ምልክቱ እንደማይጋባና እንደማያም ካወቀች ሌሎቹ ልጆች ሲጠይቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሳ ወደ ትምህርቷ ትመለሳለች። የሚያሾፍ ልጅ ካለ ልጅቱን ከመቀመጫዋ ማዛወር ተገቢ አይደለም፤ መምህሯ የሚያሾፈውን ልጅ ለብቻው ታናግረው፣ ካልተወም ወላጆቹን ትጥራ።