አቦል ላይ አንብቡ፣ በረካ ላይ ጠይቁ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቀን አማርኛ አስተምራለሁ፣ ማታ እጽፋለሁ። መጻፍ የጀመሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «ለራሴ ልጻፍ ወይስ ዘመን ተሻጋሪ ሥራ ልሥራ?» እያሉ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋል። ግን ቅደም ተከተል አለው።

መጀመሪያ ለራሳችሁ ጻፉ። ተራ ደብተር ግዙና ለማንም አታሳዩት። ትውልድንና ሽልማትን እያሰበ የሚጽፍ ሰው ቃላቱ ይገዝፉበታል፤ የራሱ ዓይን ያየው ነገር ይጠፋል። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመጣል። አንዲት ተማሪዬ ስለዚህ ጽፋ ስታመጣልኝ «የኑሮ ውጣ ውረድ የሰው ልጅን ይፈትነዋል» ብላ ጀምራለች። «ቤት ውስጥ እንዴት ነው የምታደርጉት?» አልኳት። እናቷ ቧንቧውን ከፍታ፣ ከሥሩ ባዶ የብረት ሳፋ አስቀምጣ ትተኛለች። ውሃው ሲመጣ ሳፋው ይጮኻል፤ ያኔ ተነሥታ ጀሪካኑን ትደረድራለች። ደብተር ላይ መስፈር ያለበት ይሄ ነው። የሰው ልጅ ፈተና እዚያው ሳፋው ውስጥ አለ።

ከዚያ ደብተሩን ዘግታችሁ አቆዩት። ስሜቱ በረድ ሲልላችሁ ለአንባቢ እንደገና ጻፉት። ኮዬን ረግጦ የማያውቅ አንድ ሰው አስቡ፤ ጎንደር ያለች አክስት ብትሆን እንኳ። ፈረቃ ምን እንደሆነ አይገባትም፤ ንገሯት። ለእናንተ ብቻ የሚጥመውን ደግሞ አውጡት። እዚህ ላይ አትሳሱ።

ቀጥሎ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በእኔ እምነት ትልቁ ሥራ እሱ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ግን ለአፍ ይመቻል። እናንተም ምላሳችሁ የተደናቀፈበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉና አስተካክሉ።

በመጨረሻ ጎረቤት ቡና ስትጠራችሁ አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። አቦል ላይ አንብቡላት። «እንዴት ነው?» አትበሉ፤ ይሉኝታ ይይዛትና «ቆንጆ ነው» ትላለች። ሌላ ጨዋታ ይምጣ። በረካ ላይ «ከዚያ ጽሑፍ ምን ትዝ ይልሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። ሳፋውን ካነሣች ሳፋው ይቆይ። ያላነሣችውን ማታ ቤት ስትገቡ ደግማችሁ እዩት።