መጀመሪያ እሾሁን እዩ

አያቴ ግቢ የነበረው አጋም አጥር ነው። ፍየል አያስገባም፣ ልጅ አያሾልክም። ከብት ስንጠብቅ ከንፈራችን እስኪጠቁር የምንበላው ግን የሜዳውን አጋም ነበር። የአጥሩ ፍሬ የለውማ። ለምን እንደሆነ የገባኝ አድጌ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ጓሮዬ ውስጥ ራሴ መትከል ከጀመርኩ በኋላ ነው። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አጋም መትከል የፈለገ ሰው አስቀድሞ ዘር የሚለቅምበትን ተክል አጥርቶ ይወቅ። ለወግ ያህል አይደለም የምለው። አጋም ምረንዝ የሚባል መርዘኛ ዘመድ አለው። ሁለቱም አፖሲናሴ ከሚባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ሲቀነጠሱ ነጭ ወተት ያወጣሉ። አበባቸው ነጭ ሆኖ ሮዝ ነካ ያደርገዋል፣ መዓዛውም ደስ ይላል። ፍሬያቸውም ሲበስል ይጠቁራል። ነገር ግን ምረንዝ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለቀስት መርዝ ሲያፈሉት የኖሩት ተክል ነው። ኡዋባይን የሚባለው መርዙ የሚመታው ልብን ነው።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በእሾህ። አጋም ከቅጠሉ ሥር የሚወጣ ጠንካራና ቀጥ ያለ እሾህ አለው፤ ምረንዝ የለውም። አንድ ቀን ከእህቴ ልጅ ጋር ቤተ ክርስቲያኑ ደን ዳር ፍሬ እንለቅማለን። ልጁ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ አይዋጋም!" ብሎ በደስታ ጠራኝ። ክው አልኩ። ደግነቱ አልቀመሰም። ከዚያ ወዲህ የኔ ሕግ አንድ ነው፦ ካልወጋህ አትብላው።

ስለ ስሙም ትንሽ ልበል፣ ስለሚገርመኝ ነው። ለዕፅዋት ሳይንሳዊ ስም በማውጣት የታወቀው የስዊድኑ ሊቅ የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፎርስኮል የመን ውስጥ ያገኘው ተክል በ1775 ሲታተም "ኤዱሊስ" ተባለ፤ በላቲን "የሚበላ" ማለት ነው። በ1790 ደግሞ ቫል የሚባል ሊቅ ካሪሳ ኤዱሊስ አለው። መምህሩ ሊኒየስ ግን ቀደም ብሎ ካሪሳ ስፒናሩም የሚል ስም አውጥቶ ነበር፤ ይኼኛው ከእሾህ የመጣ ነው። ኋላ ሁለቱ አንድ ተክል ናቸው ሲባል የቀደመው ስም ጸና። እንግዲህ እሾሁ ፍሬውን አሸነፈው ማለት ነው። እኛም አገር ያው ነው። ተረታችን እንኳ "ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" ነው እንጂ ስለ ጣዕሙ አንዲት ቃል የለው።

ወደ ዘሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ዓመት ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። ዘሩን እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ በጨርቅ ቋጥሬ ሰቀልኩት፣ ሰኔ ላይ ዘራሁት። ከ200 ፍሬ የበቀለው 6 ነው። የአጋም ዘር ደርቆ መክረም አይወድም። ፍሬው በበሰለ ሰሞን ሙልጭ ብሎ የጠቆረውን፣ ሲነኩት ለስለስ የሚለውን ልቀሙ። ውኃ ውስጥ በእጅ እሹት። ሥጋው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ዘር ይዘቅጣል። ጥላ ላይ አንድ ሌሊት አንጠፍጥፉትና በማግስቱ ዝሩት።

እኔ የምጠቀመው ተራውን የችግኝ ላስቲክ ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ። ዘሩን የራሱን ውፍረት ያህል ብቻ አልብሱት። ጠልቆ ከገባ ይቀራል። ከላይ የሣር ጥላ ሥሩለት፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ ርጩ፤ አታጥለቅልቁት። የኔ ከሦስት ሳምንት በኋላ ብቅ ብቅ አለ።

ችግኙን ክረምት ሲገባ አውጥታችሁ ትከሉ። ድንጋያማ ተዳፋት አይጠላም፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት ግን አይስጡት። ለአጥር ከሆነ ግማሽ ሜትር ይበቃዋል። ለፍሬ ከሆነ እኔ ሁለት ሜትር አራርቄያለሁ፤ አለዚያ ለቀማ ስትገቡ ልብሳችሁን ጥላችሁለት ነው የምትወጡት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍየል ጠብቁት። ለጋውን ትወደዋለች፤ እሾህ ምኗም አይደል።

አሁን የአያቴ አጥር። አጋም የሚያብበው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው። አጥር ደግሞ ጫፉ ጫፉ በየጊዜው ይከረከማል። ስንከረክም የኖርነው አበባውን ነበር! ስለዚህ መቁረጥ ካለባችሁ ፍሬው ተለቅሞ እንዳለቀ ወዲያው ቁረጡና እስከሚቀጥለው ለቀማ ተዉት። ቀፎ ያለው ሰውም ይጠቀማል፣ ንብ አበባውን ትወደዋለች። ስትለቅሙ ቀዩን አትንኩ። ወተቱ ገና ስላልጠፋ ከንፈር ያጣብቃል።

የአያቴን ግቢ የያዘው አጎቴ ነው። በመንገዱ በኩል ያለውን አንዱን ጎን ዘንድሮ ሳይከረክም እንዲተወው ለመንኩት። አልተስማማም። "አጥሩ ሲዘረጋጋ መንገደኛው እኔን ነው የሚረግም" ባይ ነው። ለጊዜው ሦስት ክንድ ብቻ ፈቅዶልኛል።